ጉዲፈቻና የአሳዳጊው ድጋፍ፦ ከሽማግሌዎች ሸንጎ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ

በ2002 ዓ.ም. በምሽት በረራ ሰዓት በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመነሻ አዳራሽ የተገኘ ሰው፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከሚሄዱት መንገደኞች መካከል ኢትዮጵያዊ ሕፃን ያቀፉ የውጭ አገር ባልና ሚስት ሳያይ አይመለስም ነበር። ሕፃኑ አዲስ ልብስ ለብሷል። አሳዳጊዎቹ በአንድ እጃቸው ሕፃኑን፣ በሌላው የፍርድ ቤቱን ውሳኔና የጉዞውን ሰነድ ይይዛሉ። በዚያ ዘመን ከ4000 በላይ የሆኑ ሕፃናት በአንድ ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ አገራቸውን ለቀው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ኢጣሊያና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል።

ስለ እነዚህ ሕፃናት ዕጣ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረውበታል። ስለ አሳዳጊው ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ያልወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ የተቀበለ ሰው ምክር የሚያገኘው ከማን ነበር? ሲቸገር የሚደርስለት፣ ሲያጠፋ የሚገሥጸው ማን ነበር? ይህስ ኃላፊነት በየዘመኑ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ? የጉዲፈቻን ታሪክ በዚህ ጥያቄ መርምሮ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። ይኸውም፣ ጉዲፈቻ የጸናው አሳዳጊው ብቻውን ባልቆመበት ዘመንና ቦታ ሲሆን፣ የተበላሸውም ልጁን ለመስጠት ብዙ ሰው ተሰብስቦ ካስረከበ በኋላ ሁሉም በተበተነበት ጊዜ ነው።

ቃሉና ልማዱ

«ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከኦሮምኛ ነው፤ ሥሩም ማሳደግ ማለት ነው። ቦሌ የአስፋልትና የፎቅ ሰፈር ከመሆኑ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ይህ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ሜዳ የቱለማ ኦሮሞ የሚያርሰውና ከብቱን የሚያሰማራበት መሬት ነበር። ስለዚህ የውጭ አገር አሳዳጊዎች በሕግ ወረቀታቸው ላይ ይዘውት የሚሄዱት ቃል፣ አውሮፕላኑ ከሚነሣበት መሬት የበቀለ ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኦሮሞ ልማድ ልጅ የሌለው ወይም ተጨማሪ ልጅ የፈለገ ቤተሰብ ልጁን የሚቀበለው በሽማግሌዎች ፊት፣ በአደባባይ፣ ቃል ኪዳን ገብቶ ነው። ልጁ ከአብራክ ከተከፈለው ልጅ እኩል ይሆናል፤ ውርስም ይወርሳል። ከዚህም ሌላ «ሞጋሳ» በሚባለው ሥርዓት አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሰዎች ቡድን ወይም ጎሣ በሙሉ በሌላው ዘር ውስጥ ይካተት ነበር።

በአማራው ዘንድም «የጡት ልጅ» እና «የጡት አባት» የሚባል ዝምድና የታወቀ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ የታላቅ ሰው ልጅ ለመሆን የፈለገ ሰው የዚያን ሰው ጣት በመጥባት ልጅነቱን ያስታውቅ ነበር። ይህ ሥርዓት ሕፃናትን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ ጎልማሳውም ጥበቃና ወገን ፍለጋ ይፈጽመው ነበር። በክርስትናው በኩል ደግሞ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት፣ ወላጅ ቢጎድል የልጁ ኃላፊዎች እንደሆኑ ይታመናል። በእስልምና የቲምን ማሳደግ ከታላላቅ ምግባሮች አንዱ ሲሆን፣ ሃይማኖቱ ልጁ በወለደው አባቱ ስም መጠራቱን እንዳይተው ያዛል።

እነዚህ ልማዶች በብዙ ነገር ቢለያዩም የሚጋሯቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ድርጊቱ በስውር አይፈጸምም። ሁለተኛ፣ ምስክር አለው፤ ምስክሩም ያየውን ከመናገር አልፎ በቃል ኪዳኑ ዘመን ሁሉ ተጠያቂ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ አዲስ ወላጅ ይጨመርለታል እንጂ የቀድሞው አይሰረዝበትም። አሳዳጊው ቢታመም፣ ቢደኸይ ወይም ልጁን ቢበድል የሚጠይቀው ዘመድና ጎረቤት በአጠገቡ ነበር። ዛሬ በሙያ ቋንቋ የድኅረ ጉዲፈቻ ክትትል የሚባለው ሥራ፣ በዚያን ጊዜ ስም ሳይወጣለት በሽማግሌና በጎረቤት እጅ ይሠራ ነበር።

እርግጥ ባህሉን ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም። በማሳደግ ስም የሰው ልጅ ወስዶ ከብት የሚያስጠብቅ፣ ውኃ የሚያስቀዳና የቤት ሥራ የሚያሠራ በገጠርም በከተማም ሞልቶ ነበር። «የእንጀራ ልጅ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የሚያሳዝነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ኅብረተሰቡ ጥፋቱን በልጁ ላይ ሳይሆን በአሳዳጊው ላይ ይጭን ነበር። ጠባዩ የከፋውን ሰው «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ስድብ፣ በስድብነቱ ውስጥ የማሳደግን ኃላፊነት ክብደት ይመሰክራል።

ልማዱ ወደ ወረቀት ሲገባ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን በጽሑፍ ሕግ ውስጥ አስገባው። በሕጉ መሠረት ጉዲፈቻ ውል ነው፤ ውሉም የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። በዚህ ጊዜ የሽማግሌውን ቦታ ዳኛው፣ የቃል ኪዳኑን ቦታ ሰነዱ ወሰደ። ለውጡ ለልጁ የማያሻማ መብት ስላስገኘለት ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ዳኛው መዝገቡን ከዘጋ በኋላ እንደ ሽማግሌው በበዓል ቀን ጎራ ብሎ ልጁ እንዴት ሰነበተ ብሎ አይጠይቅም።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ጉዳዩን በዝርዝር ደነገገ። አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ሲሆኑ ከሁለቱ አንዱ ይህን ዕድሜ መድረሱ ይበቃል። በአንቀጽ 181 መሠረት የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጠራል። አንቀጽ 183 ደግሞ ልጁ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ ቅድሚያ እንዳለው ይናገራል። ዳኛው ከማጽደቁ በፊት የልጁን ጥቅምና የአሳዳጊውን አቅም ይመዝናል። ከጸደቀ በኋላ ጉዲፈቻው የማይሻር ሲሆን፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ካኖረው ግን ሊፈርስ ይችላል።

አንቀጽ 183 የቀድሞውን ልማድ መንፈስ የያዘ በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሕጉ የልጁን መብትና የአሳዳጊውን ግዴታ በሚገባ ዘርዝሯል። አሳዳጊው ግዴታውን ለመወጣት ከማን ምን እርዳታ እንደሚያገኝ ግን የሚናገር አንቀጽ የለውም።

የመከራው ዘመንና የአበበች ቤት

የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ፣ በመካከሉም የተካሄደው ጦርነት፣ ወላጅ አልባውን ሕፃን ከዘመድ አቅም በላይ አበዛው። በአንድ መንደር አንድ ቤት ቢጎድል ጎረቤት ይሞላዋል፤ መንደሩ ሁሉ ሲጎድል ግን የሚሞላው አይገኝም። መንግሥት የሕፃናት ማሳደጊያዎችን አስፋፋ፤ የሕፃናትን ጉዳይ የሚመራ አካልም በአዋጅ አቋቋመ።

በዚያው ዘመን የታየው የአንዲት ሴት ሥራ የአሳዳጊን ችግር ከማናቸውም መግለጫ ይበልጥ ያስረዳል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1973 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ በወሎ በረሃብ የተጎዱ ሰዎችን አዩ። ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ሕፃናቱ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከእርሳቸው ቤት አንዱን እንዲመርጡ ሲጠይቋቸው ልጆቹን መርጠው ወጡ። ልጆቹን የመገቧቸው ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሥራው በስማቸው የሚጠራ ታላቅ ድርጅት ሆነ፤ እርሳቸውም በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የብዙ ሺህ ሕፃናት እናት ተብለው ተጠሩ። የወይዘሮ አበበች ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወደሰው ጽናታቸው ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምን ያህል ብቻቸውን እንደነበሩም ሊታሰብ ይገባል። የሰው ልጅ ማሳደግ ትዳርን የሚያስከፍል ከሆነ፣ ያን ዋጋ ለመክፈል የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

በሙያው በኩልም ጉድለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ተዘግቶ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ስለዚህ አሳዳጊ ቤተሰብን የሚመርጥ፣ የሚያማክርና የሚከታተል ባለሙያ እጅግ ባስፈለገበት ዘመን፣ ባለሙያውን የሚያፈራው ቤት ዝግ ነበር።

ወደ ውጭ የሄዱትም በዚያን ጊዜ ጥቂት አልነበሩም። በዓለም የታወቀው ምግብ አብሳይ ማርከስ ሳሙኤልሰን በአገሩ ስሙ ካሳሁን ፅጌ ይባላል። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች በኋላ በሕፃንነቱ ከእኅቱ ጋር ወደ ስዊድን ተወስዶ በዚያ በፍቅር አድጓል። ሞቷል ብሎ ያምንበት የነበረው አባቱ በሕይወት መኖሩን ያወቀው ግን ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። አሳዳጊዎቹ በጎ ነበሩ፤ እውነቱን የሚያደርስላቸው ሰው ግን አልነበራቸውም። አሳዳጊ ከሚያስፈልጉት ድጋፎች አንዱ ስለ ልጁ አመጣጥ የተረጋገጠ እውነት መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምራል።

የቦሌ ዘመን

የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በተስፋፋበት ዘመን የወላጅ አልባው ቁጥር እንደገና ጨመረ። በመላ አገሪቱ ከሁለት ወላጆቻቸው አንዱን ወይም ሁለቱንም ያጡ ሕፃናት ወደ አምስት ሚሊዮን እንደሚጠጉ ተገመተ። በ1995 ዓ.ም. የቦሌ አዲስ የመንገደኞች ሕንፃ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር፣ የውጭ አገር ጉዲፈቻም እየተስፋፋ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ክረምት ተዋናይዋ አንጀሊና ጆሊ ከአዲስ አበባ አንዲት ሕፃን በጉዲፈቻ ስትወስድ የዓለም ጋዜጦች ዐይን ወደዚህ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የበጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ2500 በላይ ነበሩ።

በቦሌና በአካባቢው አሳዳጊዎችን የሚያስተናግዱ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ተከፈቱ። ሾፌሩ፣ አስተርጓሚው፣ ሞግዚቷ፣ ምግብ አብሳይዋ ሁሉ በዚህ ሥራ ኖሩ። ወላጆቹ ራሳቸው ችሎት እንዲቀርቡ ከተወሰነ በኋላ ብዙዎቹ አሜሪካውያን ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ አንድ ጊዜ ለችሎቱ፣ ሁለተኛ ጊዜ ልጁን ለመውሰድ። በእንግዳ ማረፊያው ሳሎን የተገናኙ ባልና ሚስቶች ስለ ሕፃኑ እንቅልፍ፣ ስለ ጠጉሩ አያያዝ፣ ስለ ምግቡ እርስ በርስ ይመካከሩ ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱም የማሠልጠኛ ጽሑፍ፣ አማካሪ፣ ልጆቹ የኢትዮጵያን ዘፈንና ምግብ የሚለማመዱበት የክረምት መሰብሰቢያ ያገኙ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ሪፖርት እንዲላክ ያዝዝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲታይ የውጭው አሳዳጊ ሙሉ ድጋፍ የነበረው ይመስላል። ነገር ግን ከሥሩ ያልተፈታ አለመግባባት ነበር። በገጠር ያለችው እናት ወይም አያት «ጉዲፈቻ» ስትባል የምትረዳው አያቶቿ የሚያውቁትን ነው፤ ልጁ በሌላ ቤት ይማራል፣ ያድጋል፣ ወገንነቱን ግን አይተውም፤ አንድ ቀንም ተመልሶ ይጠይቃል። አሳዳጊዎቹ በአገራቸው ሕግ የሚያውቁት ጉዲፈቻ ግን የቀድሞውን ዝምድና ፈጽሞ የሚያቋርጥ ነው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል ይዘው፣ ሁለት የተለያየ ነገር ተስማምተው፣ በቦሌ በር ተለያዩ። በመካከላቸው የቆመው ደላላና ድርጅት ይህን ልዩነት ማስረዳት ሲገባው፣ አንዳንዱ ልዩነቱን መጠቀሚያ አደረገው። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የአንድ አገናኝ ድርጅት ሠራተኞችን፣ ከኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ጋር በተያያዘ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርባችኋል ሲል የከሰሳቸው ለዚህ ማስረጃ ነው።

ከሁሉ የከፋው በግንቦት 2003 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት ደረሰ። ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ተቀጥታ በብርድ ሞተች፤ ባልና ሚስቱም በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ጥፋተኞች ተባሉ። ለመሆኑ እንደ ቀድሞው የቃል ኪዳን ምስክር ያንን ቤት ዘወትር የሚያየው ማን ነበር? በዓመት አንድ ጊዜ የሚጻፍ ሪፖርት፣ ጸሐፊው ራሱ አሳዳጊው በሚሆንበት ጊዜ፣ ጎረቤት ሆኖ ማየትን ሊተካ አይችልም።

በሩ ሲዘጋ

ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን ከአምስት የማይበልጥ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ጉዳይ ብቻ እንዲታይ ወሰነ። ቁጥሩ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አሜሪካ የሄዱት ከ400 በታች ሆኑ። በመጨረሻም ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ወላጅ ያጣ ሕፃን በአገሩ፣ በባህሉ፣ በወገኑ መካከል ይደግ የሚለው ሐሳብ የአዋጁ መሠረት ነው።

ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ የውጭው አሳዳጊ ይዞት የነበረው ድጋፍም አብሮት ሄደ። የእንግዳ ማረፊያዎቹ ሳሎኖች ለሌላ እንግዳ ሆኑ፤ ድርጅቶቹ ብዙዎቹ ተዘጉ። ልጅ ለመቀበል ማመልከቻ ለሚያስገቡት የአዲስ አበባ ባልና ሚስት በዚያው ልክ የተዘጋጀ ምክር፣ ሥልጠናና መገናኛ አልተተካላቸውም።

የከተማው አሳዳጊ ሁኔታ ደግሞ ከአያቶቹ ይልቅ የከበደ ነው። በመንደሩ በአደባባይ ይፈጸም የነበረው ጉዲፈቻ በከተማ ምሥጢር ሆኗል። መካንነትን እንደ ነውር የሚያይ ኅብረተሰብ ውስጥ የምትኖር ሴት፣ ሕፃኑን የወለደችው ለማስመሰል ሰፈር ትቀይራለች፤ ከዘመድም ትርቃለች። የልጁ ሙሉ ስም የአባቱን ስም አስከትሎ የሚጠራ በመሆኑ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቃል ለእርሷ ሥጋት ነው። ምሥጢሩ በመጨረሻ የሚወጣው በውርስ ክርክር ወይም በጎረቤት ጠብ ጊዜ ነው፤ ልጁም እውነቱን ከማይወደው ሰው አፍ ይሰማል። ምሥጢር ልጁን የሚጠብቅ ቢመስልም፣ አሳዳጊውን ምስክርም መካሪም ያሳጣዋል።

ምን ይቀራል?

መሠረቱ ጨርሶ አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ መንግሥት ወላጅ አልባ ሕፃናት በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያራምዱ ተቋሞች እንዲመሠረቱ እንደሚያበረታታ ደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ የአደራ ቤተሰብንና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻን ከማሳደጊያ ተቋም አስቀድሞ ያያል። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ጉዲፈቻ እንደ ልደትና እንደ ጋብቻ በወሳኝ ኩነትነት እንዲመዘገብ አድርጓል። በወረርሽኙ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር ሥራቸው አልፈው ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ደግፈዋል። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያም ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው እየሠለጠነ ነው።

የሚቀረው እነዚህን አሳዳጊው ደጃፍ ድረስ ማድረስ ነው። አሳዳጊው ልጁን ከመቀበሉ በፊት የሚያስተምረው፣ ከተቀበለ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ቤቱ ድረስ እየሄደ የሚያማክረው፣ ልጁ «ከየት መጣሁ?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን በምን ቋንቋ እንደሚነግረው የሚመክረው ሰው ያስፈልገዋል። እንደ እርሱ ካሳደጉ ወላጆች ጋር የሚገናኝበት ማኅበርም እንዲሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ባለሙያና በግልጽ የሚናገር ማኅበረሰብ ግን ይጠይቃል።

በውጭ አገር ያደጉትም አልተረሱም፤ ራሳቸውም አልረሱም። ትናንት በእቅፍ የወጡት ዛሬ ጎልማሶች ሆነው በዚያው በቦሌ በር ይመለሳሉ። «ቤተሰብ ፍለጋ»ን የመሰሉ አገናኞች የተበታተኑትን መዛግብት እያነጻጸሩ እናትን ከልጅ ያገናኛሉ። አንዳንዶቹን አሳዳጊ እናታቸው ራሷ ታመጣቸዋለች፤ በገጠር ደጃፍ የወለደችውና ያሳደገችው እናት ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። የቀድሞው ልማድ ልጁ ሁለት ወላጅ እንዲኖረው የፈቀደው በዚህ ምክንያት ነበር። አሁን በአገሩ የሚቀረው ሕፃን ይህን ለማግኘት ሃያ ዓመት መጠበቅና ውቅያኖስ መሻገር እንዳያስፈልገው፣ አሳዳጊው በመጀመሪያው ቀን በአደባባይ መቆም፣ ከዚያም በኋላ አብሮት የሚቆም ሰው ማግኘት አለበት።